ከገዳሪፍ እስከ መተማ፤ በጆሮ የሚሄዱት የአርበኞች መንገድ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በኡም ራኩባ፣ በዶካና በገዳሪፍ ያላችሁ፣ ከማዶ በመተማ ዮሐንስና በገንደ ውሃ የምታዳምጡን፣ ራቅ ካለ አገር ሆናችሁ በስልካችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን ጉብኝት ነው። የአምስቱን የጠላት ዘመን ታሪክ በእግሩ ማየት የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ላይ ብዙ አይደክምም። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12ን ሐውልት ያያል፤ ቁልቁል ወርዶ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት ያገኛል፤ ወደ ፒያሳ ታጥፎ አቡነ ጴጥሮስ ዘንድ ይደርሳል። ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ታዲያ ያ ጉብኝት ሳይጨርሰው የሚተወው አንድ ታሪክ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከከተማው ሾልከው ወጡ፤ ሸዋ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ ዘንድ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ሱዳን ለመሻገር መንገድ ጀመሩ። አልደረሱም። መንገድ ላይ ተገደሉ። የስድስት ኪሎው ታሪክ ያለቀው ስድስት ኪሎ አይደለም፤ ወደዚህ ወደ እናንተ አቅጣጫ ሲመጣ ነው።

ለምን ወደ ሱዳን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዛሬ ከገዳሪፍ ተነሥተን፣ በዶካ በኩል አድርገን፣ ኡም ራኩባን ጎብኝተን፣ ገላባት ጉብታ ላይ ወጥተን መተማ እንገባለን። ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። በእግር ብንሄደው ቀናት ይፈጅብን ነበር፤ ዛሬ ግን እናንተ ካላችሁበት ሳትነሡ እኔ ልምራችሁ። ዓመቱን የምንቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መነሻችን የገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ ነው። ገዳሪፍን ዛሬ የምናውቃት በሰሊጧና በማሽላዋ ነው። ጎንደር በመጋቢት 1928 በጣሊያን እጅ ከወደቀች በኋላ ግን የስደተኛ ከተማም ሆና ነበር። ከጎንደር፣ ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይትና ከጠገዴ፣ ከቋራ የሸሸ ሰው የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ቁስለኛ ይመጣል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ይመጣል፤ ጥይት ያለቀበት አርበኛም ይመጣል።

በዚያን ጊዜ ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር ገና አልተጣሉም ነበር። እንዲያውም ሚያዝያ 1930 ሮም ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ፈርመው፣ በማግሥቱ ዓመት ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት መሆኗን በይፋ ተቀበሉ። ስለዚህ ስደተኛው ጥላ ሥር እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል፤ ጠመንጃ ይዞ እንዲመለስ አይፈቀድለትም። ደብዳቤውን ግን ማን ይከለክለዋል? ከአርበኞች አለቆች የሚጻፈው ደብዳቤ በሲራራ ነጋዴ ስልቻ፣ በመነኩሴ ቆብ፣ በእረኛ ዱላ ታጅቦ ቆላውን እያቋረጠ ድንበር ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ወደ ተቀመጡባት ወደ እንግሊዟ ባዝ ከተማ ይሄዳል። ደብዳቤ ብቻም አይደለም። በ1931 ኤርትራዊው ሎሬንዞ ታእዛዝ በሱዳን በኩል ሾልኮ ጎጃም ገባ፤ አርበኞቹን በዓይኑ አይቶ፣ ምን እንዳላቸውና ምን እንደሚጎድላቸው አጣርቶ ተመለሰ። በተመሳሳይ ተልእኮ የገባው ፈረንሳዊው ሮቤር ሞኒዬ ግን አልተመለሰም፤ ኅዳር 1932 እዚያው ታሞ ሞተ።

ከዚያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ያን ዕለት ትናንት የሚከለከለው ነገር ሁሉ የሚፈለግ ሆነ። ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ለዓመታት የኖረውን፣ የጣናንና የዓባይን አካባቢ በእግሩ ዞሮ ካርታ ያነሣውን ሮበርት ቺዝማንን ከጡረታው ጠርተው ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን ወሬ እንዲያጠናቅር አደረጉት። የጎጃምንና የበጌምድርን አለቆች በስም የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበራ።

ጣሊያኖችም አልተኙም። ሰኔ 27 ቀን 1932፣ በአንድ ቀን፣ ከሰላንም ገላባትንም ያዙ። ከሰላ ስትያዝ ከቀይ ባሕር የሚመጣው ሐዲድ በዚያ በኩል ተቆረጠ። ገዳሪፍ ግን በሰናር በኩል ከካርቱም ጋር እንደተገናኘች ቀረች። ከዚያ በኋላ ለገላባት ግንባር የሚሆነው ጥይት፣ ነዳጅና ስንቅ የሚራገፈው እናንተ ሰሊጥ በምትጭኑባት በዚህችው ከተማ ሆነ።

አሁን ከከተማው እንውጣ። ጊዜው ሐምሌ ነው እንበል። የዚህን አገር ሐምሌ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እናንተ ትነግሩኛላችሁ። መረሬው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እግር ይይዛል፣ መኪና እስከ ሆዱ ይውጣል። ጣሊያኖች ገላባትን ይዘው ወደ ገዳሪፍ ያልገፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጭቃ ነው። የክረምትን ነገር አርበኞች ከሁሉም በፊት የገባቸው ይመስለኛል። ጣሊያን ያለ መኪና መንገድና ያለ አውሮፕላን ጦርነት አያውቅም፤ ክረምት ደግሞ መንገዱን ያጠፋል፣ ሰማዩን ይዘጋል። ጎጃምና በጌምድር ውስጥ አርበኞች ምሽግ የሚከቡት፣ ስንቅ የሚቆርጡት በብዛት የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ሲሞሉ ነበር። በጋ ሲመጣ ጣሊያን የቅጣት ዘመቻ ይወጣል፤ መንደር ያቃጥላል፤ ስደተኛው እንደገና ወደዚህ ይፈልሳል። የአምስቱ ዓመት ዑደት እንዲህ ነበር።

(የዝናብ ድምፅ፤ ይጠፋል)

ዶካ ደረስን። ጥቂት ጊዜ እንቆይባት፤ ዶካ ይገባታል። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚሄደው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ከተማ፣ በ1932 ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ነበረች። የዚያ ክረምት አንድ ያልተለመደ ጓዝ ከዚህ ተነሣ፤ በቅሎዎች፣ አህዮች፣ የጠገራ ብር ሳጥኖች፣ አንድ የሬዲዮ መሣሪያ፣ ጥቂት እንግሊዛውያንና ኢትዮጵያውያን። ስሙ ተልእኮ 101 ይባላል። ቁጥሩ የመድፍ ጥይት ማቀጣጠያ ስም ነው፤ ሥራውም ያንኑ ነው፣ ማቀጣጠል። መሪው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ነበር። ሳንድፎርድ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት ለዓመታት ሸዋ ውስጥ ሙሎ ላይ ያረሰ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም ያገለገለ፣ ወደ 60 ዓመት የተጠጋ ሰው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው የሄዱት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው፤ በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት እኚሁ ናቸው።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ድንበሩን ተሻገሩ። ክረምቱ ሙሉ ነው፤ ቆላው ወባ ነው፤ መተማ ላይ የጣሊያን ጦር ተቀምጧል። ስለዚህ ዋናውን መንገድ ትተው በቋራ ቆላ በኩል ሾለኩ። ቋራ በጣሊያን ያልተገዛች፣ ፊታውራሪ ወርቁ በሚባሉ አርበኛ እጅ ያለች አገር ስለነበረች መንገዱ ተገኘ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲያወሩ ሳንድፎርድ ገባ፣ ሳንድፎርድ ደረሰ ይላሉ። እውነት ነው፣ ገባ። ግን ወንዙ የት ላይ እንደሚሻገሩት ያወቀው፣ ጣሊያን የት እንዳደረ ያጣራው፣ በቅሎው ስትወድቅ ሳጥኑን በጫንቃው የተሸከመው ማን ነው? የመንገድ መሪና የጓዝ ሰው ስም በመጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገባም።

የሬዲዮ ነገር ከተነሣ፣ እኛም የሬዲዮ ሰዎች ነንና አንድ ነገር ልበል። የዚያን ዘመን መላኪያ እንደ ዛሬው ኪስ ውስጥ አይገባም። በበቅሎ ይጫናል፤ ባትሪው የሚሞላበት ሞተር ለብቻው ይጫናል፤ ነዳጁም ለብቻው። ከተልእኮው የሬዲዮ ባለሙያዎች አንዱ ገብረ መስቀል የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበር። ከጎጃም ደጋ፣ ከሰከላ፣ ወደ ካርቱም መልእክት መሄድ ሲጀምር ለአምስት ዓመት ያልነበረ ነገር ተገኘ። በሲራራ ነጋዴ ሳምንታት የሚፈጅ ወሬ በዚያው ቀን ይደርስ ጀመር። ሳንድፎርድና አዛዥ ከበደ የሠሩት ትልቁ ሥራ ግን ሬዲዮው አይደለም፣ ዕርቁ ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም ጣሊያንን ይወጋሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተማመኑም ነበር። እነዚህን ሁለት ሰዎች አስማምቶ በአንድነት እንዲሠሩ ቃል ማስገባት ከብዙ ሳጥን ጥይት ይበልጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከድንበሩ የተነሣ ሁሉ አልቀናውም። አርኖልድ ዊንሆልት የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር። በአገሩ የፓርላማ አባል የነበረ፣ ከብት አርቢ፣ አንበሳ አዳኝ፣ በ1928ቱ ጦርነት ጊዜ ከቀይ መስቀል ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በ60ዎቹ ዕድሜው ጥቂት አህዮች ጭኖ ከዚህ ድንበር ተሻገረ። ጳጉሜን 1932፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ጣሊያን ያሰማራቸው ሰዎች ጠብቀው ተኮሱበት፤ ቁስሉን ይዞ ጫካ ገባ፤ ከዚያ በሕይወት ያየው የለም። በሰሜን በኩል ደግሞ ወደ አርማጭሆ የተላከው ሌላ ቡድን የአርበኞቹን አለቃ አሞራው ውብነህን ለማግኘት ነበር የሄደው። ከዚያም በላይ በወልቃይትና በጠገዴ አዳነ መኮንን ጦር ይዘው ተቀምጠዋል። ኋላ ላይ ሁለቱም ታላቅ ማዕረግ ያገኙት፣ አንዱ ራስ፣ ሌላው ቢትወደድ የተባሉት፣ በዚህ በእናንተ ድንበር ጀርባ በሠሩት ሥራ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዶካ ብዙ ሳንርቅ ኡም ራኩባ ነን። እዚህ ምሽግ የለም፤ መድፍም አልተተከለ። እኔ ግን የጉብኝታችን ዋና ማረፊያ አድርጌዋለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ስለ አምስቱ ዘመን ስንማር ሁለት ዓይነት ሰው እንሰማለን፤ ዱር የገባ አርበኛና ከተማ ሆኖ የሚረዳ የውስጥ አርበኛ። ስደተኛው የሚጠቀሰው እንደ ተጎጂ ብቻ ነው። ይህ የታሪክ ጉድለት ነው እላለሁ። ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ ከገባው ጦር አንዱ ክፍል ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ይባላል። ወታደሮቹ ከየት መጡ? ኬንያ ውስጥ ታቬታ የሚባል የስደተኛ ጣቢያ ነበር። ከደቡብ ግንባር የሸሹ ኢትዮጵያውያን፣ ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያንም ጭምር፣ በአጥር ውስጥ ለዓመታት ተቀመጡ። ራሽን ይሰለፋሉ፤ ቀን ይቆጥራሉ፤ የሚያደርጉት የላቸውም። ጦርነቱ ሲመጣ ያ የራሽን ሰልፍ የሻለቃ ሰልፍ ሆነ። የካቲት 27 ቀን 1933፣ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ደንበጫ አጠገብ የገጠመው እነዚህን ሰዎች ነው። በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጣቸውን፣ መድፍና ብረት ለበስ ያለውን ጦር ለሰዓታት ተቋቁመው ብዙ ሰው ገደሉበት፤ ራሳቸውም ብዙ ሞቱ። ጣሊያኖች ጥሰው ቢያልፉም እነርሱ የስደት ካምፕ ሰዎች መሆናቸው ከዚያ ቀን በኋላ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ካርቱም አጠገብ ሶባ ላይም የስደተኛ ልጆች የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸው ነበር። ከዚያ ከወጡት አንዱ መንግሥቱ ንዋይ ነው። አዎ፣ በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛን ይዞ በዚያው ንጉሠ ነገሥት ላይ የተነሣው ጄኔራል መንግሥቱ። ታሪክ እንዲህ ነው፤ ስደት ያስተማረችው ወጣት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ኡም ራኩባ ራሷ የስደተኛ ጣቢያ የሆነችው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይታ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በረሃብና በጦርነት ምክንያት የሸሸው ሕዝብ ሲጎርፍ፣ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት እዚህ ሰፈሩ። በ1976 ክረምት በሽታ ገባባቸው፤ ቀን አልፎ ቀን ሬሳ ይወጣ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በነበሩት ሳምንታት በሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ጣቢያዎች በሌሊት ወጥተው ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሱዳን ጣቢያዎች የሞቱት ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ለነርሱ መታሰቢያ የቆመው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ነው። ኋላ ጣቢያዋ ተዘጋች። ኅዳር 2013 ላይ በትግራይ ጦርነት ምክንያት ተከዜን ተሻግሮ ለመጣው ሕዝብ እንደገና ተከፈተች። ያን ጊዜ የመጣችሁ አድማጮቻችን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና አላስረዝምም።

ሚያዝያ 2015 ሱዳን ራሷ ጦርነት ገባችና መንገዱ ተገለበጠ። በገላባት በኩል ወደ መተማ የሚሸሸው ሱዳናዊ ሆነ። በ1933 የንጉሠ ነገሥቱን ጓዝ በግመል የጫኑት፣ «የድንበር ሻለቃ» በተባለው የሱዳን ጦር ክፍል ውስጥ በቡሬና በደብረ ማርቆስ የተዋጉት ሱዳናውያን ነበሩ። የእነርሱ የልጅ ልጆች መተማ ላይ ድንኳን ሲለምኑ ይህን የሚያስታውስ ቢገኝ ጥሩ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

መንገዳችንን እንቀጥል። ገላባት ደርሰናል። ጉብታው ላይ እንውጣ። ከዚህ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ከሥሩ ደረቁን ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ መተማን ያያል። ድንበሩ ያ ወንዝ ነው። ሰኔ 27 ጣሊያን ጉብታውን ሲይዝ የጠበቁት ጥቂት የሱዳን መከላከያ ወታደሮች ብቻ ነበሩ።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 እንግሊዞች ሊያስመልሱት መጡ። የጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም ነው፤ ኋላ በበርማ ጃፓኖችን ያሸነፈው፣ ፊልድ ማርሻል የሆነው ስሊም። ያኔ ግን ገና ስሙ አልታወቀም። ከእርሱ ጋር የህንድ እግረኛ፣ አንድ የእንግሊዝ ሻለቃና 12 ታንክ አሉ። ማለዳ አውሮፕላን ደበደበ፣ መድፍ ተተኮሰ፣ ታንኮቹ ጉብታውን ወጡ፤ ምሽጉ ተያዘ። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነበር። ከዚያ ታንኮቹ በድንጋዩና በፈንጂው ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ፤ አብዛኞቹ እዚያው ቀሩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡና ሰማዩን ያዙ፤ የታንኮቹን መለዋወጫ የያዘው መኪናም ተመታ። እንግሊዛውያኑ ወታደሮች ደነገጡ፤ ጠላት መጣ እያሉ መኪና ላይ ተንጠላጥለው ወደ ኋላ ሸሹ። በማግሥቱ ስሊም ጦሩን አስወጣ። ስሊም ይህን ውድቀቱን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አልደበቀም፤ ደፋር መሆን ሲገባኝ ተጠነቀቅሁ ብሎ ራሱን ወቅሷል። ብዙ ጄኔራል እንዲህ አይጽፍም።

እዚህ ጉብታ ላይ ቆመን ሌላም ነገር እናስብ። ከማዶ ሆኖ የተኮሰው ማን ነበር? መኮንኖቹ ጣሊያኖች ናቸው፤ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ግን የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጆች፣ አስካሪዎች ነበሩ። ባንዳ ብሎ ማለፍ ይቀላል። አንዳንዱ ባንዳ ነው፤ አገሩን በደመወዝ የሸጠ አለ። አንዳንዱ ግን ከልጅነቱ በቅኝ ግዛት ሥር ያደገ፣ እንጀራው ይኸው የሆነ ነው። እንግሊዞችና ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ስለተረዱ ከጥይት ሌላ ወረቀትም ተኮሱበት። ካርቱም ላይ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው ክፍል «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ማህተም ያለበት አዋጅም ከአውሮፕላን ይበተናል። ወረቀቱን ደብቆ ያነበበ፣ ማንበብ ለሚችል ጓደኛው ያስነበበ አስካሪ በሌሊት ጠመንጃውን እንደያዘ ይከዳል። በዚያ ጦርነት ጣሊያንን ካደከሙት ነገሮች አንዱ ይህ የማያባራ ክዳት ነው።

አሁን ወንዙን ተሻግረን መተማ እንግባ። መተማ ስንል አስቀድሞ የሚታወሰን መጋቢት 1881 ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና የሞቱት እዚህ ነው፤ ከተማውም በስማቸው ይጠራል። ያን ለሌላ ዝግጅት እናቆየው። በእኛ ታሪክ መተማን ጣሊያኖች የለቀቁት ጥር 23 ቀን 1933 ሌሊት ነው። በሰሜን በኩል ኤርትራ ውስጥ ሽንፈት ሲመጣባቸው፣ በስተጀርባቸው ያለው አገር በአርበኞች ተይዞ ስንቅ ሲጠብባቸው፣ ወደ ጎንደር ማፈግፈግ ጀመሩ። የሄዱበትን መንገድ ግን በፈንጂ ሞልተውት ሄዱ።

ፈንጂውን ለማውጣት ከፊት የተላከው ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት የሚባል ወጣት ህንዳዊ መሐንዲስ መኮንን ነው። ለአራት ቀን ያህል እንቅልፍ ሳያገኝ ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ። ሁለት ጊዜ የሚሄድበት መኪና ፈንድቶበታል፤ በሦስተኛው አድፍጠው ተኩሰውበታል፤ ጆሮው ተጎዳ፤ ይበቃሃል ሲሉት እምቢ አለ። ለዚህ ሥራው ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሜዳይ ያገኘ የመጀመሪያው ህንዳዊ መኮንን ነው። ከመተማ ወደ ጎንደር አውቶቡስ የተሳፈራችሁ ሁሉ በዚያ ሰው መንገድ ሄዳችኋል።

አንድ ጥያቄ ይቀረናል። ንጉሠ ነገሥቱ ለምን በዚህ አልገቡም? ከካርቱም ሲነሡ ቀጥተኛው መንገድ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ ነው። መልሱን አሁን ታገኙታላችሁ፤ ቀኑን አስተያዩት። ንጉሠ ነገሥቱ ድንበሩን የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ነው፤ መተማ የተለቀቀችው ጥር 23። ጥር 12 ላይ ይህ በር ገና ዝግ ነበር። ስለዚህ ወደ ደቡብ ርቀው ድንደር ወንዝ ዳር ኦሜድላ ላይ ባንዲራቸውን ሰቀሉ። አልጋ ወራሹ፣ ራስ ካሣ፣ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ሎሬንዞ ታእዛዝም አብረው ነበሩ። የፖሊስ ስፖርት ክለብ ኦሜድላ የተባለው በዚህች ቦታ ስም ነው፤ የኳስ አፍቃሪ ሁሉ ስሙን ያውቃል፣ ቦታው ሱዳን ድንበር ላይ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ፣ ከበላያ ወደ ጎጃም ደጋ ጓዙን የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ናቸው። ቆላ ለምዶ ያደገ ግመል ዳገትና ብርድ አይችልም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ኋላ የሚመጣው ጓዝ መንገዱን የሚያገኘው በሞቱት ግመሎች ሽታ ነበር ይባላል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከመተማ መንገድ ማዶ ያለችው ጎንደር ግን ኅዳር 18 ቀን 1934 እስክትያዝ ድረስ ጣሊያን አልለቀቃትም፤ በከበባው ላይ ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይትና ከጠገዴ የወረዱ አርበኞች ነበሩ።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

እዚህ ላይ ጉብኝታችን ያበቃል። ከመሰናበቴ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ በስም የጠራናቸው አብዛኞቹ ሰዎች ማዕረግ ያላቸው ወይም መጽሐፍ የተጻፈላቸው ናቸው። በቅሎ የነዱት፣ ደብዳቤ የደበቁት፣ ወንዝ ያሻገሩት፣ ገዳሪፍ ላይ ለቁስለኛ በሶ የበጠበጡት እናቶች በቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው ያሉት። አያትህ፣ ቅድመ አያትሽ በዚያ ዘመን በዚህ ድንበር አልፈው ከሆነ ከሚያውቀው ሽማግሌ ዘንድ ተቀመጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፁን ቅዱ። ሦስት ነገር ጠይቁት፤ በየትኛው ወንዝ ተሻገሩ፣ አለቃቸው ማን ነበር፣ ወሩ ክረምት ነበር ወይስ በጋ። የሰውየውን ስም እስከ አያቱ ድረስ አስጠሩት። ቅጂውን በአንድ ስልክ ብቻ አታስቀምጡ፤ ለሌላ ዘመድም ላኩት። ሽማግሌዎቹ እየሄዱ ነውና ለሚመጣው ሳምንት አታሳድሩት።